የታጠበው ድስት

«አጠብሽው?»

«አዎ፣ አጠብኩት።»

«ማስረጃውን አጠብሽው?»

«ድስት ነው ያጠብኩት። ድስት ይታጠባል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጠበቃዋ ምን ነበር ያለችን? ማንም አይንካው፣ ማንም አይክፈተው፣ እንዳለ ይቀመጥ አላለችም? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት?»

«ሰምቻለሁ። ሰውዬው ግን ቤቴ ድረስ መጥቶ "ይሄ ቆሻሻ ነው" አለኝ። እኔን! ሌላ የፈለገውን ይበለኝ። ቆሻሻ?»

«ይበልሻ! ይቆሽሽ! ይሽተት! ይትላ! እሱ ነበር የሚያስፈርድልን!»

«አትጩህ፤ ልጁ ይሰማል።»

«ይስማ! ማስረጃ ማጥፋት እንደሚያሳስር እሱም ይወቀው!»

ልጁ እኔ ነኝ። ሰምቻለሁ። አልጋ ስር በሆዴ ተኝቻለሁ፤ የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው። የእማዬ እግር ገና በሳሙና ውሃ እንደራሰ ነው፣ የአባዬ ጫማ ደግሞ ወዲህ ወዲያ ይላል። አባዬ ጫማ ሰሪ ነው፤ ሲናደድ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ወይ ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። «ያሳስራል» የምትለዋ ቃል ከላይ ወርዳ ጆሮዬ ውስጥ ገባችና እዚያው ቁጭ አለች።

ከዚያ አባዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሲጮህ አልፈራውም፤ ዝቅ ሲያደርግ ነው የሚያስፈራኝ።

«ቆይ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን የእንፋሎቱን ቀዳዳ አይተሽዋል? ተደፍኖ ቢሆንስ?»

የእማዬ እግር ቀጥ አለ። ጣቶቿ ወለሉን ቆነጠጡት።

«አንተም?» አለች።

ከዚያች ቃል በኋላ እናትና አባቴ አልተነጋገሩም።

ከመሃል ጀመርኩባችሁ መሰለኝ። እንዲህ ነኝ፤ ትምህርትንም ከመሃል ነው ያቆምኩት። በሉ ከስሩ ልንገራችሁ።

እማዬ ሆቴል ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነበረች። ሰው በልቶ አፉን ጠርጎ ሲሄድ ሳህኑ ወደ እሷ ይመጣል። ሌላው በአበሳሰሉ ይኮራል፣ እሷ በመፈግፈግ ነበር የምትኮራው። ያዋሰችው ሳህን ታጥቦ ቢመለስላት እንኳን ደግማ ታጥበዋለች። የሰው ዕቃ ስትመልስማ ባለቤቲቱ የራሷን ሳህን አታውቀውም። እኔንም እንደ ብርጭቆ ነበር የምታጥበኝ፤ ጆሮዬን ወደ ብርሃን አዙራ በዚያ በዚህ ታየዋለች፣ እድፍ ካገኘች እንደገና ሳፋ ውስጥ ነኝ።

ያን ድስት የገዛችው አዲስ ነው። ፕሬዠር የሚሉት፣ ክዳኑ ጠምዘዝ ሲደረግ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ፣ በእንፋሎት የሚያበስል፣ አናቱ ላይ የምታፏጭ ነገር ያለችው። ቤታችን ውስጥ ከካርቶን የወጣ ዕቃ የመጀመሪያው እሱ ነው። ካርቶኑንም አልጣለችውም፤ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። ካርቶኑ ላይ ድስቱን አቅፋ የምትስቅ ሴትዮ አለች። ጥርሷ ብዛቱ!

እኔ ደግሞ አንድ ነገር እችል ነበር፤ ፉጨት። ሰፈር ውስጥ ስሜም ፊሽካ ነበር። ድስቱ ሲያፏጭ እመልስለታለሁ። አንዳንዴ እሱ ዝም ባለበት እኔ ልክ እንደሱ አድርጌ አፏጭና፣ እማዬ ልብስ ከምታሰጣበት ስትሮጥ ትመጣለች። እኔ በሳቅ ወለሉ ላይ እንከባለላለሁ።

«አንተ ሰይጣን! ቆይ፣ አንድ ቀን አንተን ነው የምጥድህ!»

ያን ቀን ቦሎቄ ነበር የተጣደው። እህቴ ከምድጃው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እኔ በሩ ላይ ነኝ። እማዬ ልብስ እያጠፈች ነው። ድስቱ ያፏጫል፣ እኔም አፏጫለሁ። ሲያስረዝም አስረዝማለሁ። ላሸንፈው ነው። ትንፋሼ አለቀና ልስብ ቆም ስል…

ድምፁ ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ፤ አልሰማሁትም። ጆሮዬ ጭው ብሎ ተዘጋ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ክዳኑ የለም። አምፖሉ የለም። ቤቱ በእንፋሎት ነጭ ሆኗል፤ ነጩ ውስጥ እማዬ አፏን ከፍታ ትታየኛለች፣ ድምፅ ግን የላትም። ከዚያ ሽታው መጣ። የበሰለ ቦሎቄ፣ ከሱ ኋላ የተለበለበ ፀጉር። እህቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ናት። እርሳሷን አልለቀቀችም። አንገቷና አንድ ጉንጯ… እሱን ልለፈው። አልጮኸችም። ዓይኗ ፈጦ የሚያየው እኔን ነው።

ካደግን በኋላ «ለምን ነበር እኔን ያየሽኝ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።

«አንተን ማን አየህ? በሩን ነበር የማየው። መውጣት ፈልጌ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው» አለችኝ።

እኔ ያኔ የገባኝ ሌላ ነው። ድስቱ የፈለገው እኔን ነበር። ሳሾፍበት ኖሬ፣ ሊበቀለኝ ሲዘል መንገድ ላይ እሷን አገኛት።

እህቴን ሆስፒታል አስተኟት። እማዬና አባዬ እየተፈራረቁ እዚያ ይውላሉ። ቤት ውስጥ እኔና ድስቱ ቀረን።

ጠበቃዋ የመጣችው ያኔ ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ተረከዙ የሾለ ጫማ የምታደርግ ሴትዮ። ገና ከቅያሱ መግቢያ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ስትል ትሰማለች። በሆዴ «ቋቋ» ነበር የምላት። አትስቅም። ውሃ ሲሰጧት አትጠጣም። ድስቱን በሁለት ጣቷ አንስታ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችው፣ ክዳኑንም ጨመረች፣ አፉን በገመድ ጥርቅም አድርጋ አሰረችው።

«እንዳለ ይቀመጥ» አለች። «ጣሪያውንም አትንኩት፣ ፎቶ ይነሳል። ድስቱን አስመጥቶ የሸጠውን ድርጅት ነው የምንከሰው። ችሎት ፊት የሚናገርልን ይሄ ድስት ነው።»

«የት እናድርገው?» አለ አባዬ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ዞር ዞር ብለው አንድ ባዶ ቦታ አገኙ፤ የእኔና የእህቴ አልጋ ስር።

ለእነሱ ምን አለባቸው። ለእኔ ግን እህቴን የነከሰ አውሬ በማዳበሪያ ታስሮ ከጀርባዬ ስር ተኛ። ደግሞም ይናገራል ተብሏል። ምን እንደሚልም አውቀዋለሁ፤ «የጠራኝ ፊሽካ ነው» ይላል፣ በቃ።

ጣሪያው ላይ ደግሞ ቦሎቄ ተለጥፏል። እማዬ ቀና ብላ ታየዋለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ዝም ትላለች። ቆሻሻ እያዩ ዝም ማለት ለእሷ ጾም ማደር ነው። ቦሎቄው እየደረቀ ሲሄድ አንድ አንድ እያለ ይወድቅ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስሆን አልጋው መሃል ጉልበቴን አቅፌ እቀመጣለሁ። እግሬን ካወረድኩ ይይዘኛል። ቤቱ ጸጥ። ጠብ። አንዷ ትራሱ ላይ። ቁም ሳጥኑ ላይ ሴትዮዋ ትስቃለች። ጠብ። አንዷ ወለሉ ላይ። ትንፋሼን ይዤ ቀጣይዋን እጠብቃለሁ። የምጠብቃት ነች አልመጣ የምትለው።

አንድ ቀን አንዷ ከአልጋው ጠርዝ ነጥራ ማዳበሪያው ላይ አረፈች። ውስጥ ያለው ብረት «ድን» አለ።

እማዬ ስትመጣ አንሶላው ርሷል። አየችኝ። አንሶላውን ገፈፈችና አጠበችው።

እህቴ ከሆስፒታል ስትመለስ ግማሽ ፊቷ ፋሻ ነበር። ደስ አለኝ፤ ብቻዬን አይደለሁማ! ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ ራሱ ነው የሚያፏጨው። ገና «ፉዊ» ከማለቴ እህቴ የለችም። ከጠረጴዛው ስር አገኘናት፤ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። አባዬ አወጣት። እኔን አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አፏጭቼ አላውቅም፤ ስሙ ብቻ ቀረ።

እንግዲህ እንዲህ እየኖርን ነው ከረሜላው የመጣው። ስሙን አላውቀውም፣ ያኔም ከረሜላው ነበር የምለው። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ሽቶው ቀድሞት ይገባል፣ ድምፁ ደግሞ ልስልስ ያለ። አባዬ ሥራ ላይ ነበር።

«ድርጅቱ ልኮኝ ነው። የታመመች ልጅ አለች ብለውን ለመጠየቅ ነው» አለ።

እማዬ ወንበሩን ጠራረገችለት። ከረባት ያሰረ ሁሉ ለእሷ ጌታዬ ነው። ከረሜላው መጀመሪያ ወደ እህቴ ሄደ።

«አይዞሽ የኔ እናት። እኔም ልክ እንዳንቺ ያለች ልጅ አለችኝ። እሷም እንዳንቺ ዝምተኛ ናት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ኪሱ ገብቶ እፍኝ ከረሜላ አወጣ። እኔ ነፍሴን ልሰጠው ምንም አልቀረኝም።

«አንተ ጎበዝ! ያን ቀን ነበርክ አይደል? ድስቱ ከመፈንዳቱ በፊት ፉጨቱን አቁሞ ነበር አይደል? ዝም ብሎ ነበር?»

ክው አልኩ። ስለ ፉጨት ከጠየቀኝ አውቆብኛል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ስፈራ ውሸት እንደ ጉድ ነው የሚመጣልኝ።

«ኧረ እሱ ዝም አይልም! ዘፈን ሁላ ይዘፍናል። አንዴ ደግሞ በስሜ ጠርቶኛል። ከእማዬ ጋር ሲጣሉ ምሳ አይበላም…»

ሰውዬው እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ። ጎረምሳ ከሆንኩ በኋላ ጠበቃዋ ነግራኛለች፤ ልጁ ለምስክርነት አይሆንም ብሎ ለአለቆቹ ተናግሯል። በሕይወቴ ስለ እኔ የተሰጠ ትክክለኛ አስተያየት ያ ነው።

«ያፏጭ ነበር።»

ያለችው እህቴ ናት፣ ከአልጋዋ ላይ። ፋሻው አፏን ስለሚይዛት ቀስ ብላ ነው የምታወራው። «ሲፈነዳም እያፏጨ ነበር።»

ከረሜላው እንዳልሰማ ሆኖ ሁለት ከረሜላ ትራሷ አጠገብ አስቀመጠላት።

«እህቴ፣ ዕቃውን አንድ ጊዜ ዓይቼው ልሂድ?» አላት እማዬን።

«ጠበቃዋ አይነካ ብላለች ጌታዬ።»

«አልነካውም። ማየት ብቻ።»

እማዬ እምቢ ማለት አይሆንላትም። ማዳበሪያውን ስባ አወጣችና ገመዱን ፈታች። እኔ ቀሚሷን ይዤ በጎን አጮልቄ አየሁት። ጠቁሯል። የምታፏጨዋ ነገር ዙሪያ የደረቀ የቦሎቄ ልጣጭ እንደ ቁስል ቅርፊት ተጋግሯል። ይተነፍሳል ብዬ ጠበቅኩ።

ከረሜላው በእስክሪብቶው ጫፍ ጠቆም አደረገ። «ይሄ ምንድነው እህቴ?»

«ቦሎቄው ነው ጌታዬ። ሲፈነዳ ነው የ…»

«አይ፣ እህቴ። ይሄ ቆሻሻ ነው። ቀዳዳው በቆሻሻ ተደፍኗል። ዕቃ በደንብ ካልታጠበ እንዲህ ይሆናል። ልጅቷን ያቃጠላት ይሄ ነው።» ድምፁ እንዴት ልስልስ እንዳለ! ፎቶ አነሳ፣ ራሴን ደባበሰኝ፣ ሄደ።

የእኔን የዋህነት ስሙ። የድስት ሐኪም መስሎኝ ነበር እኮ! መጣ፣ መረመረ፣ በሽታውን አገኘ፤ ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ ከሆነማ እማዬ አለችለት! እማዬ የማታስለቅቀው ቆሻሻ አለ እንዴ?

እማዬ በሩን ዘጋች። ከዚያ «ውሃ ቅዳ» አለችኝ።

እንደዚያን ቀን ስትፈገፍግ አይቻት አላውቅም። ሳፋው መሃል ላይ፣ እጅጌዋ ተሰብስቦ፣ በሽቦ፣ በጨርቅ፣ በሳሙና፣ እንደገና በሽቦ። የምታፏጨዋን ነገር ነቅላ ቀዳዳዋን በመርፌ ጠረገቻት። ውሃው ጠቆረ፤ ደፋሁት፣ ሌላ ቀዳሁ፣ እየዘለልኩ። ፊቷ ርሷል፣ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ሳፋው ነው የረጫት ብዬ ነበር። አሁን መኪና አጣቢ ነኝ፤ ሳፋ ሰው ሲረጭ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አውቃለሁ። ዓይን ድረስ አይደርስም።

ሲያልቅ ድስቱ እንደ መስታወት ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ውስጡ ያለው እኔ ነኝ፣ አፍንጫዬ ድቡልቡል ያለ። ክዳኑን ገጠመችው። ቀጭ። አውሬው ታጥቦ ሰው ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልጋ ስር እንደልቤ መግባት ጀመርኩ። አባዬ ሲገባና «አጠብሽው?» ሲል ለዚህ ነው እዚያ የነበርኩት።

ፍርሃቱ ግን ቤት ቀየረ እንጂ አልሄደም። አሁን የምፈራው ለእማዬ ሆነ። «ያሳስራል» ተብሏላ! በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ ከፊቷ እቆማለሁ። ቤቱ ደግሞ ዝም። አባዬ በእኔ በኩል ነው የሚያወራው።

«አንተ፣ ለእናትህ ጨው የለውም በላት።»

«እማዬ፣ ጨው የለውም ይላል።»

«ጨው ፊቱ ነው ያለው በለው።»

«አባዬ፣ ጨው ፊትህ ላይ ነው ትላለች።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። አሁን ማንም አይስቅም። እህቴ ብቻ ከፋሻው ውስጥ አንዷን ታያለች፣ አንዱን ታያለች። ማታ መብራት ሳይጠፋ እማዬ ፋሻዋን ትቀይርላታለች። «እኔ ነኝ እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ለእህቴ አይደለም። ለማንም አይደለም። እኔ «አዎ፣ አንቺ ነሽ፣ እኛው ቤት ነሽ፣ አልወሰዱሽም» ልላት ፈልጌ ነበር።

ስለዚህ ብልሃት ፈጠርኩ። ሰው ያለ ጫማ እስር ቤት አይወሰድም፤ መቼም መንገድ ነው። የእማዬን የክት ጫማ አንዱን እግር ሰረቅሁና የድስቱ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። የምትስቀዋ ሴትዮ እንድትጠብቀው።

አንድ ቀን ቋ፣ ቋ፣ ቋ መጣ። በቃ፣ ሊወስዷት ነው። እግሯን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። እማዬ እንዳጠበችው ራሷ ነገረቻት፤ አንገቷን ደፍታ። ጠበቃዋ ግንባሯን ይዛ ቆየች። ከዚያ ሳቀች። ያቺ የማትስቅ ሴትዮ! በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁት ሳቅ የለም።

«ሊጫወቱብን ነው» አለች። «ነጋ ጠባ ማስረጃ አጠፋች ነው የሚሉት። እስቲ ክዳኑን አምጭልኝ።» ወደ መስኮቱ ወሰደችው። በጥፍሯ ጠርዙን እየነካካች «ጥርሶቹን እዩ» አለች።

ጥርስ! አላልኩም? ጥርስ አለው!

«አሁን ሲጸዳ በደንብ ይታያል። እዚህ ጋ ተፍቋል፤ ክዳኑ ተንሸራቶ ነው የወጣው» አለች። ከዚያ ወደ እህቴ ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ንገሪኝ። ያን ቀን ዝም ብሎ ነበር?»

«አይ። ያፏጭ ነበር።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ፊሽካ ትንፋሹ አልቆበት ሲያቆም እሱ ብቻውን እያፏጨ ነበር።»

ጠበቃዋ አባዬን ቀና ብላ አየችው። «ቀዳዳው የተደፈነ ድስት አያፏጭም» አለች።

አባዬ አንገቱን ደፋ። እማዬን ያናግራታል ብዬ ጠበቅኩ። አላናገራትም። ኩራት ይሁን እፍረት፣ አፉ ተቆልፎ ቀረ። ወጥቶ የበሩን ደፍ በመዶሻ ሲመታ፣ ሲመታ አመሸ። ምንም ያልተሰበረ ደፍ።

መጨረሻው ላይ እንዳትነዘንዙኝ ፍርዱን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ባለሙያ ተጠርቶ ክዳኑን ለካው፤ ጥርሶቹ አጫጭር ሆነው ነው የተሠሩት፣ እንፋሎቱ ሲበረታ አይይዙም። ያን ድስት የገዙ ሌሎች ቤቶችም ተገኙ፤ አንዷ ሴትዮ ዓይኗን አጥታለች። ጊዜ ወሰደ እንጂ ተፈረደልን። የእህቴን አንገት ያከሙት በካሳው ገንዘብ ነው። ግን ለእኔ ነገሩ ያለቀው ከዚያ ሁሉ በፊት፣ እማዬ ችሎት በቆመችበት ቀን ነው። እሱን ልጨርስላችሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ቤቱ ተተራመሰ። ጫማው የለም። እማዬ ቁም ሳጥን ስር፣ አባዬ አልጋ ስር፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ አንድ ጫማ ይፈልጋሉ። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቆሜያለሁ። ካላገኘችው አትሄድም፤ ካልሄደች አትታሰርም። እማዬ ቀና አለች፣ አንዱን እግሯን ጫማ፣ አንዱን ነጠላ ጫማ አደረገችና ወጣች። ብልሃቴ ሁሉ አፈር በላ።

ችሎቱን እኔ የጠበቅሁት ሰንሰለት ያለበት ጨለማ ቤት ነው። ክፍል ነው፤ ልክ እንደ ትምህርት ቤት ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር ያለው። አናታችን ላይ ማራገቢያ ጢቅ ጢቅ እያለ ይዞራል። ዳኛው ጉንፋን ይዟቸው በመሃረብ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። እሱን ሳይ ከእማዬ ኋላ ተሸሸግኩ። መሃል ጠረጴዛው ላይ ድስታችን ተቀምጧል፣ እያብለጨለጨ። ከቤታችን ሰው ሁሉ እንደሱ የኮራ አልነበረም።

ከማዶ ማን ተቀምጧል? ከረሜላው! ደስ ብሎኝ እጄን አወዛወዝኩለት። የተሳሳተ ወንበር ላይ ተቀምጧል ብዬ ለእህቴ ነገርኳት። እህቴ እጄን ይዛ አወረደችው። እሱ አላየኝም። ሲያየኝ አየሁት እንጂ፣ አላየኝም።

የድርጅቱ ጠበቃ ተነስቶ ብዙ አወራ። ከገባኝ ውስጥ «ማስረጃ አጥፍተዋል» የሚለው አለ፣ ደግሞ «የራሳቸው ቸልተኝነት» የሚል። ከዚያ ከረሜላው ቆመ። ፎቶውን አሳየ።

«ዕቃው ምንም እንከን የለበትም» አለ በዚያ ልስልስ ድምፁ። «ክዳኑ ይገጥማል፣ ጎማው ደህና ነው። ችግሩ የንጽህና ነው። ቀዳዳው እስከጸዳ ድረስ እንኳን አዋቂ፣ ሕጻን ልጅ ብታበስልበት ምንም አትሆንም።»

ዳኛው ወደ እማዬ ዞሩ። «ለምንድነው ያጠቡት?»

እማዬ ተነሳች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። «ሰው ፊት የሚቀርብ ዕቃ…» አለችና አቋረጠችው። እንደገና ጀመረች። «ሰው ፊት ሲቀርብ ታጥቦ ነው ጌታዬ።»

ከኋላችን አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሰው። የእማዬ አንገት ትከሻዋ ውስጥ ሲገባ አየሁት። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ እግሩን ቀየረ። መጣ፣ አልኩ። አሁን ሊወስዳት ነው። ቀሚሷን በሁለት እጄ ያዝኩ። እህቴ ፋሻዋን በእጇ ሸፈነች።

«ሌላ የሚጨምሩት አለ?» አሉ ዳኛው።

እማዬ ድስቱን አየች፣ ከረሜላውን አየች።

«ንገሪው» አለ አባዬ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው። ለእኔ ንገራት ብሎ አይደለም። ለራሷ ነው፣ ዓይኗን እያየ። ከዚያች «አንተም?» ካለችው ቀን ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

እማዬ አየችው። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከቀሚሷ ላይ ፈታች። ወደ ጠረጴዛው ሄደች። አንድ እግሯ ይጮሃል፣ አንድ እግሯ ዝም ይላል። ድስቱን አነሳች። ጠበቃዋ «ቆይ…» አለቻት፤ አልሰማቻትም። ክዳኑን ገጠመችና ጠመዘዘችው። ቀጭ። በቀሚሷ ጫፍ የጣት አሻራዋን ከላዩ ጠረገች። ተሸክማው ከማዶ ሄደችና ከረሜላው ፊት አስቀመጠችለት።

«አጥቤልሃለሁ» አለችው። «ውሰደውና ልጅህ ታብስልበት።»